ልጅ ለማን ይሰጣል

ባለፈው ዓርብ ጎረቤቴ ምሳ ጠራችኝ። የጾም ቀን ስለሆነ ሰላጣ ቀረበ። ጎረቤቴ እጇ አይሰስትም፤ አቼቶውን አንዠቀዠቀችበት። ሽታው ከሳህኑ ተነሥቶ ፊቴን ሲመታው ዓይኔ እንባ ሞላ። "ምነው እትዬ አስካለ፣ በዛ እንዴ?" አለችኝ። "የለም፣ ጥሩ ነው" ብዬ ሁለት ጉርሻ እንደ ምንም ዋጥኩና፣ ምድጃ ላይ የጣድኩት ነገር አለ በሚል ሰበብ ወጣሁ። ምንም የጣድኩት ነገር አልነበረም። ለእሷ አቼቶ የሰላጣ ነገር ነው። እኔ የማስበው ግን ካርቱም፣ ጀሪፍ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤታችን በር ጀርባ ተቀምጦ የነበረውን ቢጫ ጀሪካን ነው። የሚያስለቅሰው ጭስ ወደ ሰፈሩ ሲገባ ከአሮጌ አንሶላ የቀደድናቸውን ጨርቆች በዚያ አቼቶ እየነከርን የልጆቹን አፍና አፍንጫ እናስር ነበር። ትንንሾቹ መጀመሪያ ያለቅሱ ነበር። በኋላ ለመዱት፤ ጭሱ ሳይመጣ ራሱ ጨርቃቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ይመጣሉ፣ እንደ ጌጥ።

እኔ ቀን አሳምሬ የምመዘግብ ሰው ነኝ። የዚያን ዘመን ግን የማስታውሰው በቀን ሳይሆን በዳቦ ነው። ለረጅም ጊዜ አንዱን ዳቦ በአንድ ጂኔ፣ በአገሩ ገንዘብ፣ ስንገዛ ኖረን፣ አንድ ጠዋት ሦስት ገባ ተባለ። ዋጋው ወደ ላይ ሲወጣ ዳቦው ራሱ እየሟሸሸ መጣ፤ በመጨረሻ በመዳፍ ተጨብጦ የሚጠፋ ነገር ሆነ። ዳቦ ቤቱ ፊት ሁለት ረድፍ ይቆማል፣ የወንድ አንድ፣ የሴት አንድ። የሴቶቹ ረድፍ ውስጥ ሆኜ ነው ያንን ጭብጨባ መጀመሪያ የሰማሁት፤ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከኋላው እልልታ። ልጃገረዶቹ ነጭ ቶብ ተጠቅልለው ይወጣሉ። ቶብ እዚያ ሴቱ ሁሉ ከራስ እስከ እግሩ የሚለብሰው ስስ ጨርቅ ነው፤ እኔም ዓይን ውስጥ እንዳልገባ ስል ሃያ ዓመት ለብሼዋለሁ፣ ግን ግራጫውን። ወንዶቹ ጡብና አሮጌ ጎማ እየደረደሩ መንገዱን ይዘጋሉ፤ መዝጊያውን ተሩስ ይሉታል። እኛ ሐበሾቹ "አገራችን አይደለም፣ ጥግ ጥጉን እንሂድ" እንባባላለን። ሆኖም አንድ ቀን የአገሩ ገዢ ከሥልጣን ወርዶ ከተማው በደስታ ሲናጥ፣ የሰፈራችን ሻይ ሻጭ ለመጣው ሁሉ በነጻ ስትቀዳ፣ እኛም ጠጣን። ያኔ ተስፋ እንደዚያ ነበር፤ በየመንገዱ በነጻ ይቀዳል። አሁን ሳስበው ሁላችንም ከልክ በላይ ጠጥተናል።

ካርቱም ስሄድ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ፊደል አልቆጠርኩም። አል-ማንሺያ፣ ዓባይ ዳር፣ ከአንድ ሐኪም ቤተሰብ ጋር ስሠራ ኖርኩ። የቤቱን ልጆች ደብተር ስወለውልና ስደረድር ውስጡ ያለው ነገር ያስቀናኝ ነበር። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በሚሰጥ የማታ ትምህርት ከልጆች ጋር ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ ይውላል። አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ የአራተኛ ክፍል ሳይንስ ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር፣ አነበብኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ግን አንድ ጠባይ አለበት፤ ደንብ ይወዳል። አራት ነጥብ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን የምናገረው ራሴን ለማመስገን አይደለም።

ጋሼ ልሳኑ የሚባሉ፣ አገር ቤት ሳሉ መምህር የነበሩ ሽማግሌ፣ ጀሪፍ ውስጥ ሦስት ክፍል ያለው ቤት ተከራይተው ለሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍና የቆርቆሮ ዳስ ነበር። እኔ ለትንንሾቹ ፊደል አስተምራለሁ፤ በሩና መዝገቡም የኔ ነው። ልጆቹ "ኡስታዛ" ይሉኛል፣ አስተማሪ ማለታቸው ነው። የአብዛኞቹ እናቶች የቤት ሠራተኞች ስለሆኑ የሚያድሩት ከአሠሪዎቻቸው ዘንድ ነው፤ ልጃቸውን የሚያዩት ዓርብ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ልጆቹን አንዲት ሴት በአንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት አድርጋ ታሳድራቸዋለች። ታዲያ ማታ ማን ይወስዳቸዋል? የተገኘ ሰው ነው። ዛሬ የእናቲቱ ጓደኛ፣ ነገ የአገሯ ልጅ። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ሐበሻ ያየኸውን ወንድ አጎቴ በል፣ ሴቷን አክስቴ በል ብለን ነው ያሳደግነው። በሰው አገር ዘመድ የሚሠራው እንዲያ ነው።

አንድ ቀን ጥሩ ሻሽ ያሰረች፣ ብስኩት የያዘች ሴት መጥታ ሂሩት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ጠየቀችኝ። "ማን ናት?" አልኳት ልጅቷን። ሂሩት ብስኩቱን እያየች "አክስቴ" አለች። ሰጠኋት። ከዚያ ቀን በኋላ ሂሩትን ያያት ሰው የለም። እናቷ ከሥራዋ ተባርራ አንድ ወር ሙሉ በራችን ላይ ተቀመጠች። አትሰድበኝም፣ አታለቅስም፤ ስወጣ ትነሣልኛለች፣ ስገባ ትነሣልኛለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

የግማሹን ደንብ ያመጣሁት ያኔ ነው። ብዙዎቹ እናቶች ማንበብ ስለማይችሉ በደብዳቤ አይሆንም። ስልክም በየምክንያቱ የሚጠፋበት ዘመን ነው። ስለዚህ ከሻይ ቅጠል ካርቶን አንድ ቁራጭ እቀድና መሐሉን በእጄ አጣምሜ ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱን ግማሽ መዝገቡ ውስጥ ከልጁ ስም አጠገብ እለጥፈዋለሁ፣ ሌላውን ለእናትየዋ እሰጣለሁ። ልጅ ለመውሰድ የመጣ ሰው ግማሹን ያመጣል፤ እኔ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አጋጥማለሁ። የተቀደደው ጥርሱ ከገጠመ ልጁ ይሄዳል፤ ካልገጠመ አይሄድም። ልጆቹንም ከዚያ ወዲህ "ማን ነው?" ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ጋሼ ልሳኑ አንዳንዴ ያሾፉብኛል፤ "አስካለ፣ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ አንቺን ያቆሙሽ እንደሆነ ጻድቃን ሁሉ ውጭ ማደራቸው ነው" ይላሉ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ያህል አንድም ልጅ አልጠፋብኝም። ይህም ልክ ነው።

ጥሩወርቅ የምትባል እናት ነበረች፤ ዐማራት በሚባለው ሰፈር በቁጥር ከሚጠሩት መንገዶች በአንዱ ላይ፣ ትልቅ ግቢ ውስጥ ትሠራለች። ልጇ ኤፍራታ ስምንት ዓመቷ ነው። ኤፍራታ እዚያው ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ አንካሳ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርጋለች፣ ስታርማት ትስቃለች። ጥሩወርቅ ዓርብ ዓርብ ትመጣና ከልጇ አጠገብ ዴስክ ላይ ተቀምጣ የልጇን ደብተር ትገልጣለች። ማንበብ አትችልም፤ ቀይ ምልክቱን ብቻ ትቆጥራለች። "እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ሦስት ስሕተት ብቻ ናት አይደል?" ትለኛለች።

ሰኞ ነበር። ጠዋት ልጆቹ ከገቡ በኋላ ስልክ ሁሉ ጠፋ፤ ወታደር ድልድዮቹን ዘግቶ ሥልጣኑን ወሰደ የሚል ወሬ ከጎረቤት በአጥር ላይ መጣ። የጎማው ጥቁር ጭስ በሁሉም አቅጣጫ ተነሣ። ጀሪካኑን ከፈትን። ቅርብ ያሉት ወላጆችና የላኳቸው ሰዎች ግማሻቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ፤ እያጋጠምኩ ሰጠሁ። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም። በሰባት ሰዓት ግቢው ውስጥ ኤፍራታ ብቻ ቀረች፤ ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ኒሙ ሥር ተቀምጣለች።

በሩ ተደበደበ። ስከፍት ሱሪው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል።

"እንደምን ዋሉ እትዬ። ደሴ እባላለሁ፤ ከጥሩወርቅ ነው የተላክሁት። አሠሪዎቿ ዛሬውኑ በመኪናቸው ወደ ገዳሪፍ ሊወጡ ነው፤ እሷንም ከነልጇ እናወጣሻለን ብለዋታል። ከዚያ ወዲያ መተማ ቅርብ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ይነሣሉ። ልጅቱን ይስጡኝ፣ ያላ፣ ጊዜ የለም።"

"ግማሹን አምጣ።"

"ሰጥታኝ ነበር። መንገድ ላይ ሲፈትሹን ኪሴን ገለበጡት። ስልኬን ወሰዱ፣ ካርቶኗ መሬት ወደቀች። ላንሣ ብዬ ጎንበስ ስል በሰደፍ አሉኝ።" እጅጌውን ሰብስቦ ያበጠ ክርኑን አሳየኝ።

"የወደቀ ሰውም ክርኑ ያብጣል።"

"እትዬ! የክርስትና ስሟን ልንገርዎ? ፉል ያለ ሽንኩርት እንደምትወድስ? ሌሊት ሌሊት ጥርሷን እንደምታፋጭስ?"

"ይህን ሁሉ ማንም ጠይቆ ያውቀዋል።"

"እርስዎ እኮ ፖሊስ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አገር እንዲህ ባልሆነ" አለና ሊስቅ ሞከረ፤ አፉ ደርቆ አልሆነለትም።

ኤፍራታ ድምፁን ሰምታ ተነሥታ ነበር። "ተቀመጪ" አልኳት፤ ተቀመጠች። ጋሼ ልሳኑ ደረታቸውን ይዘው እያሳሉ ወጡ፤ አስም ነበረባቸው፣ ጭሱ ጎድቷቸዋል። ወደ ጎን ወሰዱኝ።

"አስካለ፣ ሰውየው እውነቱን ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል አይበቃም ጋሼ። የሂሩት ጊዜም መስሎኝ ነበር።"

"እንግዲያው አንቺ አብረሻቸው ሂጂ። አንቺው በእጅሽ አስረክቢያት።"

"በሩን ጥዬ አልሄድም" አልኩ።

የምን በር? አንድ ልጅ ብቻ ነበረች። እውነቱን ልጻፍ። ፈርቼ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴ ካለፈበት ቆይቷል፤ መንገዱ ላይ ተኩስ አለ፤ ከዚያ እስከ ዐማራት በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ፍርሃቴን ደንብ ብዬ ጠራሁት፤ ደንብ ሲባል ደግሞ ማንም አይከራከርም።

ወደ ደሴ ዞሬ "ሂድና እናቷ ራሷ ትምጣ በላት" አልኩት።

"መንገዱን አላዩትም እንዴ እትዬ? እኔ ወንዱ ስንት ቦታ ተንበርክኬ ነው የመጣሁ።"

"እናት ናት፤ ትመጣለች።"

ኤፍራታን በእጁ ሰላም ብሏት እየሮጠ ሄደ።

ጠበቅን። ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ። ተኩሱ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ኤፍራታ "ኡስታዛ፣ ማማ የት ደረሰ?" አለች። "ደረሰች ነው የሚባለው" አልኳት። በዚያ ሰዓት እንኳ አረምኳት። "የት ደረሰች?" አለች ታዛ። ፀሐይ ጠለቀች፤ አልመጣችም።

በማግሥቱ ጠዋት ደሴ ሻንጣ ተሸክሞ መጣ። በሩን ገና ስከፍት "ወስዳት ሄደች አይደል?" አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ ከሁሉም የማይረሳኝ እሱ ነው። ከኋላዬ ኤፍራታን ሲያያት ሻንጣውን ቀስ ብሎ አወረደ።

መልእክቴን ሲነግራት ጥሩወርቅ አልተቆጣችም። "ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን አልሰጥም" ብላ "ሻንጣዬን ጠብቅልኝ፣ ሰዎቹንም ትንሽ እንዲታገሡኝ ለምንልኝ" ብላው በነጠላ ጫማ ወጣች። ሰዎቹ አንድ ሰዓት ያህል ታገሡ፤ ከዚያ ሻንጣውን አውርደው ሄዱ። ደሴ እስኪመሽ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ሳትመለስ ስትቀር፣ ልጇን አግኝታ እኛ ጋ ያደረች መሰለው።

ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞርን፣ እስር ቤት ጠየቅን፣ አስከሬን ቤት ገባን፤ በዚያ ፈቃድ በሌለኝ እግሬ ከተማውን ሁሉ አዳረስኩ። ያን ሰኞ እምቢ ያለው እግር ለሦስት ወር አላረፈም። አንዲት ሻይ ሻጭ ብቻ፣ ሦስተኛው ተሩስ አጠገብ አንዲት ሐበሻ ዓይኗን በውኃ ስትታጠብ አይቻለሁ፣ "ጀሪፍ በየት በኩል ነው የሚሻለው?" ብላ ጠየቀችኝ አለች። ከዚያ ወዲያ የለም። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ቀሚስና አንድ የልጅ ጫማ ነበር። ጫማው ለኤፍራታ ሁለት ቁጥር ይሰፋታል፤ ለአገር ቤቱ ትምህርት ቤት፣ ሳይጠብባት እንዲከርም የተገዛ ነው።

ሰው ሁሉ "ልክ ሠርተሻል" አለኝ። ጋሼ ልሳኑ ብቻ አላሉኝም፤ እሳቸውም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ማምጣት ተዉ፤ ትምህርት ቤቱ ለፋሲካ ሳይደርስ ተዘጋ። ኤፍራታ ከኔ ጋር መኖር ጀመረች። አልጋዬን ተካፈልን። ስታጠና አጠገቧ ስሆን ደብተሯን በክንዷ ትከልላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ከጀርባዬ መጥታ ቆመች።

"ኡስታዛ፣ ደሴን ለምን እምቢ አልሽው?"

"ግማሹን ስላልያዘ። ደንብ ነው።"

"እኔ አውቀዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ከማማ ጋር የተቆላ ለውዝ ይገዛልኛል። አንቺ ለምን እኔን አልጠየቅሽኝ?"

ልብሱን ማሸት ቀጠልኩ። አንድ ልጅ ጠይቄ ተሳሳትኩ፤ ከዚያ በኋላ ልጅ የሚባለውን ሁሉ መጠየቅ ተውኩ። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ በምን ቃል ይነግሩታል? "ሂጂ ተጫወቺ" አልኳት። "ኸላስ" ብላኝ ሄደች፤ በቃ ማለቷ ነው። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነት ገባና ከተማው ራሱ ፈረሰ። በነጻ ሻይ የተቀዳበት መንገድ ላይ ታንክ ቆመ። ጋሼ ልሳኑ የአስም መድኃኒታቸው ሲያልቅ ዐሥር ቀን አልቆዩም፤ ኒሙ ሥር ቀበርናቸው። ደሴም ወደ ሊቢያ ወጣ አሉ። እኔና ኤፍራታ ውኃ ቀድተን ስንመለስ የጎረቤቱ ግድግዳ የለም። ሰዉ ሁሉ ወደ ገዳሪፍ ይሸሻል።

አሁን ጎንደር ሆኜ ማክሰኞ ማክሰኞ የጠፉ ሰዎች ስም ወደሚመዘገብበት ቢሮ እሄዳለሁ። መዝጋቢዋ ጨዋ ልጅ ናት፣ ግን ቅጿ አይለቃትም፤ ራሴን ታስታውሰኛለች። "እማማ፣ ልጅቷን የወሰዳት ሰው ስም?" ትላለች። አላውቅም። "መልኩስ?" አላየሁትም። "የመኪናው ሰሌዳስ?" አላየሁም። ቀና ብላ ታየኛለች። እሷ ደግሞ ባዶ የቀረው መስመር ያስከፋታል፤ ይገባኛል። "ታዲያ እንዴት ሰጧት?" ብላ አንድ ቀን ጠየቀችኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረችና ወረቀቷን አስተካከለች።

እንዲህ ነው የሰጠኋት። ሽንኩርት የሚጭን መኪና አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር፤ ሰው በላዩ ላይ ሞልቶ ይፈሳል። እኔ ጉልበቴ ተይዞ መውጣት አልችልም። "ለልጅ ቦታ አለ! ለልጅ ብቻ!" የሚል ድምፅ በአማርኛ ሰማሁ፤ ከሰዉ መሐል አንድ ክንድ ወደ ታች ተዘረጋ። ፊቱ አይታየኝም፤ ክንዱን ብቻ ነው ያየሁት። ፍንዳታው ከኋላችን እየቀረበ ነው። ኤፍራታን ከብብቷ ይዤ አነሣኋት፤ ዐሥር ዓመቷ ቢሆንም ቀላል ነበረች። ክንዱ ያዛት። "ገዳሪፍ ላይ ጠብቂኝ፤ ነገ ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ" አልኳት። የደረስኩት በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ነው።

ከላይ ሆና፣ ሰዉ እየገፋት፣ አንገቷን አውጥታ ወደኔ ጮኸች፦

"ኡስታዛ! ስሙን ጠየቅሽው?"

"ጠይቄዋለሁ!" አልኳት።

"እሺ" አለችና ወደ ውስጥ ገባች።